የአባት ክንፍ ለማን ይወረሳል?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የአገሪቱን የጥምር ኤታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር ጄኔራል ቻርልስ ብራውንን ከኃላፊነታቸው አሰናበቱ። ጄኔራሉ ይህን ሥልጣን የያዙት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ሲሆን፣ ከተመደበላቸው የአራት ዓመት የሥራ ዘመን ግማሹን እንኳ አላገባደዱም ነበር። ስንብቱን ያስታወቀው የፕሬዚዳንቱ መግለጫ ለተሰናባቹ ምስጋና ከማቅረብ አልፎ ምክንያት አልዘረዘረም። ይሁን እንጂ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው የመከላከያ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን የጨበጡት ፒት ሄግሰት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጄኔራሉ ለዚህ ደረጃ የበቁት በችሎታቸው ይሁን በቆዳቸው ቀለም አጠያያቂ ነው የሚል ጥርጣሬ በአደባባይ ዘርተው ነበር። ስለሆነም ምክንያቱ በመግለጫው ባይሰፍርም ንፋሱ ከየት በኩል እንደሚነፍስ ለተመልካች የተሰወረ አልነበረም።

ጉዳዩን የዋሽንግተን ሹማምንት የርስ በርስ ሽኩቻ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። በዚህ ገጽ ልንመረምረው የምንሻው ግን ከሹም ሽሩ ሥር ያለውን ማኅበራዊ ጥያቄ ነው። ጄኔራል ብራውን የአንድ ወታደር ቤተሰብ ሦስተኛ ትውልድ ናቸው። አያታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊክ ግንባር ዘምተዋል። አባታቸው በአሜሪካ ምድር ጦር እስከ ኮሎኔልነት የደረሱ የቬትናም ዘማች ናቸው። ልጅየው ደግሞ የኤፍ-16 ተዋጊ አይሮፕላን አብራሪ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 የአየር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ሲሆኑ፣ ከአሜሪካ የጦር ክፍሎች አንዱን በበላይነት በመምራት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። በእርሳቸው እግር የተተኩት ጄኔራል ዳን ኬይንም የኤፍ-16 አብራሪና የአየር ኃይል አብራሪ ልጅ ናቸው። የተነሡትም የተተኩትም የወታደር ልጆች ናቸው። የአንደኛው ውርስ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ያለ ጥያቄ ሲታለፍ፣ የሌላው ውርስ ሦስት ትውልድ አገልግሎም ማስረጃ አምጣ ይባላል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

ለመሆኑ ከወታደር አባት ወደ ወታደር ልጅ የሚተላለፈው ምንድን ነው? የአበው ብሂል «ዘር ከልጓም ይስባል» በማለት አጭር መልስ ይሰጣል። ይህ አባባል ስለ ፈረስ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ማኅበረሰብ ሲነገር ግን ልጓሙን የያዘው ማን እንደሆነ ይሸፍናል። የጦረኝነት ውርስ በታሪክ ውስጥ በደም ሥር ሲተላለፍ ታይቶ አይታወቅም። የተላለፈው በሕግ፣ በገንዘብ፣ በመሬትና በትምህርት ቤት በር ነው። እነዚህን አራቱን የጨበጠ መደብ ልጆቹን ጀግና ብሎ ሲሰይም፣ ያልጨበጠው ደግሞ ልጆቹን ለጀግኖቹ ስንቅ ተሸካሚ አድርጎ ሲያቀርብ ኖሯል።

ጥቂት ምሳሌዎችን እንመልከት። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1781 የወጣው የሴጉር ደንብ ተብሎ የሚታወቀው ድንጋጌ፣ በቀጥታ መኮንን ሆኖ ለመቀጠር የሚፈልግ ወጣት አራት ትውልድ የቆጠረ የመሳፍንት ዘር መሆኑን እንዲያስመሰክር ያስገድድ ነበር። ደንቡ በወጣ በስምንተኛው ዓመት ታላቁ የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። በሩ የተዘጋባቸው የበታች ሹማምንት ከአብዮቱ በኋላ የጄኔራልነት ማዕርግ ደርሰው የአውሮፓን ነገሥታት ጦር ሲያርበደብዱ ታዩ። ዘር ይስባል የተባለለት የመሳፍንቱ ልጅ ግን ድንበር ተሻግሮ ተሰደደ።

በብሪታንያ ደግሞ የእግረኛና የፈረሰኛ ጦር የመኮንንነት ማዕርግ እስከ እ.ኤ.አ. 1871 ድረስ በገንዘብ የሚገዛ ሸቀጥ ነበር። አባት ለልጁ የሻምበልነት ማዕርግ እንደ ቤት ወይም እንደ እርሻ ገዝቶ ይሰጠው ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ግዢ በመድፈኛውና በመሐንዲሱ ክፍል ውስጥ ያልተፈቀደ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መድፍ የአባትን ስም አይሰማም። ርቀቱን፣ ባሩዱንና ማዕዘኑን አስልቶ የማያውቅ መኮንን ምንም ያህል ከበርቴ ቢሆን ጥይቱን ከገዛ ወገኑ ላይ ይጥለዋል። እንግዲህ ቴክኒክ ወደ ጦር ሜዳ በገባበት ቦታ ሁሉ የትውልድ ልዩ መብት መሠረቱ መናጋት ጀመረ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስም ያው ነው። በቀድሞው የባላባት ሥርዓት ወታደርነትና መሬት የማይነጣጠሉ ነበሩ። የመሬቱ ስፍር ስም ራሱ «ጋሻ» መባሉ ይህንኑ ይመሰክራል። ጦረኛው በማደሪያ ስም መሬትና ገባር ይመደብለታል። ልጁም የአባቱን ጋሻና ጦር ሲረከብ አብሮ የገባሩን ላብ ይረከባል። ስለዚህ በዘመኑ «የጀግና ልጅ ጀግና» የሚለው ውዳሴ ግማሹ የጀግንነት፣ ግማሹ የመሬት ይዞታ ታሪክ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ይህ ትስስር ተበጠሰ።

ከዚያም አይሮፕላን መጣ። አይሮፕላን ከመድፍ በባሰ ሁኔታ የአባትን ስም የማይሰማ መሣሪያ ነው። ሞተሩ የሚታዘዘው ለሠለጠነ እጅ ብቻ ነው። በመሆኑም የበረራ ሙያ በትክክል ቢታይ ኖሮ፣ የወረደ ትውልድ የሚባለውን ሁሉ እኩል የሚያደርግ መስክ መሆን በተገባው ነበር። ይሁን እንጂ ገዢ መደብ መሣሪያውን ማታለል ባይችል የመሣሪያውን ትምህርት ቤት በር መዝጋት ይችላል። በዩናይትድ ስቴትስ የሆነውም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1925 የአሜሪካ የጦር ኮሌጅ ባዘጋጀው የጥናት ሰነድ ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ለአመራርና ለረቀቀ የጦር መሣሪያ ብቁ አይደሉም ሲል ደመደመ። ይህ ሰነድ ሲጻፍ ጥቁሩ አሜሪካዊ ዩጂን ቡላርድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ በፈረንሳይ ሰማይ ላይ ተዋጊ አይሮፕላን ካበረረ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። ቡላርድ ለፈረንሳይ ሲዋጋ የገዛ አገሩ የጦር አየር ክፍል ጥቁር አብራሪ አይቀበልም ነበር። ማስረጃው በአየር ላይ እያለ ሰነዱ በምድር ላይ ተቃራኒውን ጻፈ። ርእዮተ ዓለም የጥቅም ጭምብል ሲሆን ከዓይን ምስክር ይልቅ ለራሱ ወረቀት ያምናል።

በዚህ በተዘጋ በር ፊት የቆመውን የዴቪስን ቤተሰብ ታሪክ መመርመር ለርእሳችን ዋነኛ ነው። አባትየው ቤንጃሚን ዴቪስ በ9ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት እ.ኤ.አ. በ1899 በተራ ወታደርነት ተቀጥረው፣ በፈተና እ.ኤ.አ. በ1901 የመኮንንነት ማዕርግ አገኙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ሠራዊቱ ነጭ መኮንኖች በእርሳቸው ሥር እንዳይታዘዙ በመፍራት፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይቤሪያ በወታደራዊ አታሼነት፣ ሌላ ጊዜ ወደ ጥቁር ኮሌጆች በወታደራዊ ትምህርት መምህርነት ያዘዋውራቸው ነበር። ማዕርጉን ሰጥቶ ጦሩን መንፈግ ይሉታል ይህ ነው። የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕርግ የተሰጣቸው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1940፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የጥቁሮችን ድምፅ አጥብቀው ከሚሹበት ምርጫ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው። በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል የሆኑት በዚህ ዓይነት ነበር።

ልጃቸው ቤንጃሚን ዴቪስ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1932 ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ገቡ። የክፍል ጓደኞቻቸው ከሥራ ጉዳይ በስተቀር አራት ዓመት ሙሉ አላነጋገሯቸውም። አብሯቸው የሚያድር አልነበረም፤ ምሳቸውንም እራታቸውንም ብቻቸውን ይበሉ ነበር። ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ ተብሎ የተፈረደባቸው ዝምታ ሳይበግራቸው እ.ኤ.አ. በ1936 ከ276 ተመራቂዎች 35ኛ ሆነው ጨረሱ። ወደ አየር ክፍሉ ለመግባት ያቀረቡት ጥያቄ ግን ጥቁር የአየር ጓድ ስለሌለ ጥቁር አብራሪ አያስፈልግም በሚል መልስ ውድቅ ተደረገ። በዚያን ጊዜ በመላው የአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ከቄሶቹ በስተቀር የነበሩት ጥቁር መኮንኖች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አባትና ልጅ። እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ የውትድርና ወግ ይህን ያህል ጎልቶ የወጣው የሌላው ቤተሰብ ሁሉ በር ስለተዘጋ ነው። አባትና ልጅ ብቻቸውን መቅረታቸው የቤተሰቡ ክብር ሊሆን ይችላል፤ ለሥርዓቱ ግን ክስ ነበር።

በሩ የተከፈተው በሥርዓቱ ቸርነት አልነበረም። የጥቁር ጋዜጦች፣ የመብት ማኅበራትና የሠራተኛ መሪዎች ለዓመታት ባካሄዱት ግፊት፣ እንዲሁም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈጠረው የሰው ኃይል ፍላጎት ነው የተከፈተው። እ.ኤ.አ. በ1941 በአላባማ ግዛት በታስኪጊ የጥቁር አብራሪዎች ማሠልጠኛ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በማርች 1942 ክንፍ ከተሸለሙት የመጀመሪያዎቹ አምስት ምሩቃን አንዱ ልጅ ዴቪስ ነበሩ። ማሠልጠኛው እስከ እ.ኤ.አ. 1946 ድረስ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አብራሪዎችን አስመረቀ። 99ኛው ስኳድሮን እ.ኤ.አ. በጁን 1943 በጦር ሜዳ የተፈተነው በፋሽስት ኢጣሊያ ደሴት በፓንቴሌሪያ ላይ ነው። አንዳንድ ነጭ አዛዦች ስኳድሮኑ የመዋጋት ወኔ የለውም ብለው ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ ዴቪስ ዋሽንግተን ድረስ ተጠርተው በኮሚቴ ፊት መከራከር ግድ ሆነባቸው። ኋላም 332ኛው ተዋጊ ግሩፕ በእርሳቸው አዛዥነት ከኢጣሊያ ምድር እየተነሣ የቦምብ ጣይ አይሮፕላኖችን በማጀብ ስሙን አስጠራ።

ድሉ ግን በምድር ያለውን ሥርዓት ወዲያው አልለወጠም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1945 በኢንዲያና ግዛት በፍሪማን የጦር ሰፈር የነጭና የጥቁር መኮንኖችን ክበብ የሚለያየውን ደንብ አንፈርምም ያሉ 101 ጥቁር መኮንኖች ታሰሩ። ፋሽዝምን ለመውጋት የሠለጠኑ መኮንኖች በገዛ አገራቸው የመኮንኖች ክበብ ለመግባት በመፈለጋቸው ታሰሩ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦር ኃይሉ ውስጥ የእኩልነትን ደንብ ያወጁት እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1948 ነው። አባት ዴቪስ ከ50 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ የወጡት ከዚያ አዋጅ ስድስት ቀን ብቻ አስቀድሞ ነበር። የሥራ ዘመናቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ በልዩነት ሥር ተፈጸመ። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1954 የአየር ኃይሉ የመጀመሪያ ጥቁር ጄኔራል ሆኑ።

ከታስኪጊ የወጣው ሌላው ቤተሰብ የጄምስ ነው። ዳንኤል ጄምስ በፍሎሪዳ ግዛት በፔንሳኮላ ከተማ እናታቸው ለጥቁር ልጆች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ። ታስኪጊ ሠልጥነው በኮርያና በቬትናም ጦርነቶች አበረሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 የመጀመሪያው ጥቁር ባለአራት ኮከብ ጄኔራል ሆኑ። ልጃቸው ዳንኤል ጄምስ ሦስተኛውም በቬትናም አብርረው፣ ኋላ እስከ ሌፍተናንት ጄኔራልነት ደርሰው እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 የአየር ብሔራዊ ዘብ ኃላፊ ሆነዋል። በዚህ ቤተሰብ የበረራው ውርስ መነሻ አንዲት እናት የከፈተችው ትምህርት ቤት መሆኑን ልብ ይሏል። አባትየው ለልጃቸው ያወረሱትን ክንፍ ለአባትየው ያወረሳቸው የጦር ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ቅራኔ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። እነዚህ ቤተሰቦች በሩን ሰብረው የገቡበት ቤት የማን ቤት ነው? አባት ዴቪስ መኮንን በሆኑበት በ1901 የተላኩት ወደ ፊሊፒንስ ነበር። በዚያን ጊዜ የፊሊፒንስ ሕዝብ ከስፔን ወደ አሜሪካ የተላለፈውን የባዕድ አገዛዝ በመቃወም ለነጻነቱ ይዋደቅ ነበር። ልጅ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1967 የ13ኛው አየር ኃይል አዛዥ ሆነው የተመደቡት በዚያችው በፊሊፒንስ፣ በክላርክ የጦር ሰፈር ሲሆን፣ ሰፈሩ የቬትናም ጦርነት ደጀን ነበር። በ66 ዓመት ልዩነት አባትና ልጅ በአንድ አገር ላይ የአንድ ኢምፔሪያሊስት መንግሥት ባንዲራ ጠበቁ። በገዛ አገሩ የተጨቆነ ሕዝብ ልጆች የሌላውን ጭቁን ሕዝብ እንዲወጉ መሰለፋቸው የዚህ ውርስ መራራ ገጽታ ነው። እኩል የመብረር መብት ፍትሕ ነው። በተገኘው እኩልነት ቦምቡ በማን ላይ ይጣላል የሚለው ጥያቄ ግን የቤተሰብ ጀግንነት ሊመልሰው የማይችል የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ቅራኔ ሌላ ዓይነት መልስ የሰጡ ሰው ነበሩ፤ ታሪካቸውም ከእኛ ታሪክ ጋር የተጋመደ ነው። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በሚሲሲፒ ግዛት በገልፍፖርት ያደጉ፣ ያሳደጓቸው የእንጀራ አባታቸውም የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የሆኑ ሰው ናቸው። በታስኪጊ የአውቶሞቢል መካኒክነት ተምረው ወደ ቺካጎ ሄዱ። ጥቁር ተማሪ በማይቀበለው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የገቡት በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። ኋላ ከጓደኛቸው ከኮርኔልየስ ኮፊ ጋር በትግል ተማሪዎች ሆነው ጨረሱ፤ ሌሎች ጥቁሮችንም የሚያሠለጥን የአብራሪዎች ማኅበር መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወደ ታስኪጊ በረው ሄደው የበረራ ትምህርት እንዲጀመር ወተወቱ። ታስኪጊ የበረራ ማሠልጠኛ ሆኖ ስሙ በዓለም ከመጠራቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ባንዣበበ ጊዜ ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ጥቂት ያረጁና መሣሪያ አልባ የሆኑ አይሮፕላኖችን የያዘውን አነስተኛ የአየር ኃይል በአዛዥነት መሩ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935 አድዋ በቦምብ ስትደበደብ በዚያው ነበሩ። ሥራቸው በአመዛኙ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ሲሆን፣ ይህንንም የፈጸሙት የጠላት ተዋጊ አይሮፕላኖች በሞሉት ሰማይ ላይ ነው። ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 እንደገና ወደ አገራችን ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በማርች 1954 በአይሮፕላን አደጋ በደረሰባቸው ጉዳት አዲስ አበባ ላይ አረፉ፤ አስከሬናቸውም በዚህችው ከተማ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ልጅ ዴቪስ በአሜሪካ ጄኔራል ሆኑ። አንደኛው የአባታቸውን ሙያ ወርሰው ወደ ከፍተኛው ማዕርግ ወጡ። ሌላኛው የሚወርሱት የጦር ስም ሳይኖራቸው ለተወረረ ሕዝብ ክንፋቸውን ሰጡ፤ ወራሾቻቸውም ያሠለጠኗቸው ልጆች ሆኑ።

ከእነዚህ ታሪኮች ሁለት ዓይነት ውርስ እንዳለ እንረዳለን። አንደኛው ወንበርን የሚያወርስ ነው። በዚህ ውርስ ልጅ የሚረከበው አባቱ የያዘውን ቦታ፣ አባቱ የሚያውቃቸውን ሰዎችና አባቱ ያለፈበትን በር ነው። ሁለተኛው ዕዳን የሚያወርስ ነው። በዚህኛው ልጅ የሚረከበው አባቱ አንኳኩቶ ያልተከፈተለትን በር፣ አባቱ ያልተከፈለውን የአገልግሎት ዋጋ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም «የወታደር ቤተሰብ» ይባላሉ። በይዘታቸው ግን ተቃራኒዎች ናቸው። ገዢ መደብ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የሚወደው ልዩነታቸው እንዳይታይ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ወቅቱ ሁኔታ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በጦር ኃይሉ ውስጥ የብዝኃነት መርሐ ግብሮችን የሚያግድ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ወጣ። ይህንኑ ተከትሎ በቴክሳስ ግዛት በሚገኘው የአየር ኃይሉ የምልምሎች ማሠልጠኛ የታስኪጊ አብራሪዎችን የሚያሳየው ፊልም ከትምህርቱ ተነሣ። ቁጣ በመቀስቀሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመለሰ። ይህ ክስተት ትንሽ ቢመስልም ትርጉሙ ትልቅ ነው። ፊልሙ ከምልምሉ ዓይን ሲሰወር የጄኔራል ኬይን ውርስ እንደ ተፈጥሮ፣ የጄኔራል ብራውን ውርስ ግን እንደ ችሮታ መታየት ይጀምራል። በር እንደነበረና እንደተዘጋ ያልተነገረው ወጣት፣ በሩን ሰብሮ የገባውን ሰው በጓሮ የገባ አድርጎ ቢያየው አያስደንቅም። የአንድን ሕዝብ አገልግሎት ከትምህርት መዝገብ መፋቅ ልጆቹን ከማባረር የሚቀድም እርምጃ ነው፤ ሁለተኛውን ቀላል የሚያደርገውም እርሱ ነው።

እነሆ ቁጥሮቹም ይናገራሉ። በዚህ በ2020ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪዎች መካከል ጥቁሮች ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ፤ በሕዝቡ ውስጥ ግን ከመቶ አሥራ ሦስት ያህል ናቸው። ጄኔራል ብራውን እ.ኤ.አ. በ2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ በተገደለበት ሰሞን፣ በስኳድሮናቸው ብዙ ጊዜ ብቸኛው ጥቁር ሆነው መኖራቸውን በይፋ ሲናገሩ፣ ዴቪሶች ሁለት ብቻ ከነበሩበት ከ1936 ወዲህ የተጓዘው መንገድ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ያህልም እንደቀረ አሳይተዋል። በብዝኃነት ስም ያላግባብ ተሾሙ የሚለው ክስ የሚቀርበው እንግዲህ ከመቶ ሁለቱ ላይ ነው።

ሌላም ጎን አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የግዴታ ውትድርና ከቀረ ወዲህ የአሜሪካ ሠራዊት በፈቃደኞች የሚሞላ ሆኗል። በመደበኛ አገልግሎት ላይ ያለው 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰው ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ ግማሽ እጅ አይሞላም። ከምድር ጦሩ ምልምሎች ከአምስቱ አራቱ ያህል ቀደም ሲል ያገለገለ ዘመድ ያላቸው ሲሆኑ፣ ከሩብ የሚበልጡት ወላጃቸው ወታደር የነበረ ነው። በሌላ አነጋገር ጦርነት የጥቂት ቤተሰቦች ሙያ፣ ለቀረው ሕዝብ ደግሞ የቴሌቪዥን ዜና ወደ መሆን ተቃርቧል። የዘመቻ ትእዛዝ የሚያወጣው መደብ ልጆቹን ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ባንክ ሲልክ፣ መቃብሩ የሚቆፈረው በየትውልዱ በእነዚያው መንደሮች ነው። የቤተሰብ ወግ የሚያኮራ ነገር መሆኑን አንክድም። ሆኖም አገርን የመከላከል ግዴታ ከዜግነት ወጥቶ ወደ ዘር ሲሸጋገር፣ ሕዝቡ ጦርነትን የመጠየቅ ሥልጣኑን ያጣል። ሠራዊቱም ከሕዝቡ እየራቀ በሄደ መጠን፣ ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ ለሰው ታማኝ እንዲሆን ለሚሹ ፖለቲከኞች ይመቻል።

ይህ ትምህርት ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ የተቋቋመው የአየር ኃይላችን በመጀመሪያ በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን መሪነት፣ ኋላም በኢትዮጵያውያን አሠልጣኞች እጅ ትውልድ ተኮር ተቋም ሆኖ አደገ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ ዋጋውን አስመሰከረ። በ1983 ዓ.ም. ግን የመንግሥት ለውጥ ሲሆን ሠራዊቱ በአንድነት እንዲበተን ተደረገ። የሥርዓት ጠበቃና የአገር ጠበቃ ሳይለይ፣ የብዙ ዓመት የሕዝብ ሀብት የፈሰሰባቸው አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች በየመንገዱ ቀሩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ፣ ከተበተኑት መካከል ተፈልገው የተጠሩና የበረሩ ነበሩ። ተቋሙ በፈረሰበት ዘመን የሙያው ትዝታ ተጠብቆ የቆየው በየቤቱ፣ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶግራፍና አባት ለልጁ በሚያወጋው ወግ ብቻ ነበር። ቤተሰብ የተቋምን ትዝታ ሲጠብቅ የሚያስመሰግን ነው። ተቋም ትዝታውን ለቤተሰብ ጥሎ ሲሄድ ግን ጥፋት ነው። ወጉ የሚደርሰው ለአብራሪው ልጅ ብቻ ነውና፤ የገበሬው፣ የሸማኔውና የመምህሩ ልጅ ከየት ይስማው?

ስለዚህ መደምደሚያችን ግልጽ ነው። የወታደር ልጅ ወታደር፣ የአብራሪ ልጅ አብራሪ ቢሆን የሚነቀፍ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሞተር ድምፅ እየሰማ ያደገ ልጅ ሙያውን ቢወድ የሚጠበቅ ነው። የሚነቀፈው ይህ ፍቅር ለሌላው ልጅ በር መዝጊያ ሲሆን ነው። የአንድ አየር ኃይል ጤንነት የሚለካው ስንት የአብራሪ ልጆች አብራሪ ሆኑ በሚለው ሳይሆን፣ በቤተሰቡ አይሮፕላን ነክቶ የማያውቅ ወጣት በፈተና አልፎ ስንት ጊዜ ክንፍ ተሸለመ በሚለው ነው። የተቋሙ ታሪክ በየመንግሥቱ ለውጥ የማይፋቅ ሆኖ በማሠልጠኛው ይማርበት፤ መሥዋዕትነት የከፈሉት ሁሉ ስማቸው በመዝገቡ ይስፈር፤ ማዕርግም በብቃት እንጂ በታማኝነት ምዘና ወይም በቆዳ ቀለም አይሰፈር። ጆን ሮቢንሰን በአዲስ አበባ አፈር ውስጥ ሲያርፉ ለአገራችን የተዉት ርስትም ሆነ የሚወረስ ማዕርግ አልነበረም። የተዉት ያሠለጠኗቸውን ወጣቶች ነው። አባት ለልጁ ሊያወርሰው ከሚችለው ሁሉ፣ ለጎረቤት ልጅም ሊደርስ የሚችለው ይህ ውርስ ብቻ ነው።